ሰጋቱራ የሌለበት የሶፋ ቤት

ሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የተቀመጠው ፋይል ውፍረቱ ጡብ ያህል ነበር። ከላዩ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ ተያይዟል። «ደንበኛችን ታታሪ አምራች ስለሆኑ በልዩ ደንበኛነት ተመዝግበው ገንዘባቸውን ወደ ውጭ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲያስተላልፉ በአስቸኳይ ይፈቀድላቸው» ይላል። «በአስቸኳይ» የምትለው ቃል ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።

እሷ ባንክ ቤት ከገባች አሥር ዓመቷ ነው። ዘጠኙን ዓመት መስኮት ላይ ተቀምጣ ስትቀበልና ስትከፍል ኖረች፤ ከአራት ወር ወዲህ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት አምስተኛ ፎቅ ወዳለው ማጣሪያ ክፍል ተዛወረች። የክፍሉ ሥራ ሲነገር አጭር ነው። ደንበኛ ብዙ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል፤ የሰጠው መልስ በወረቀትም በዓይንም ይታያል፤ መልሱ ካልቆመ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይነገራል። ሲሠራ ግን አያልቅም። የተሰረቀ ብር በአንድ በር ገብቶ፣ ከሂሳብ ሂሳብ ተንከባሎ፣ በሌላ በር የላብ ፍሬ መስሎ እንዳይወጣ ሌት ተቀን መጠበቅ ነው።

ስትዛወር የመስኮት ባልደረቦቿ ሳቁባት። «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» እያሉ ተረቱባት። ተረቱ እየዋለ እያደረ አጠረና «እሾህ» የሚል ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። አልከፋትም። «ጽጌረዳ ብትሉኝ ትቀጥፉኝ ነበር» አለችና ተቀበለችው።

ፋይሉን ገለጠች። ደንበኛው ሶፋ አምራች ነው። አንድ የተከራየ አዳራሽና አራት ሠራተኞች አሉት። በስድስት ወር ውስጥ አርባ ስምንት ሚሊዮን ብር ወደ ሂሳቡ አስገብቷል፤ ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ፣ ሁሉንም በአንድ ቅርንጫፍ። በወር ዘጠና ሙሉ ሶፋ እንደሚሸጥ የሚያሳዩ ደረሰኞች በቀን ተራ፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል። ወረቀቱ እንከን አይወጣለትም።

እሾህን የያዛት ግን በወረቀቱ ውስጥ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው። የወጪውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበት። የእንጨት ግዢ የለም። የስፖንጅ የለም። የጨርቅ፣ የሚስማር፣ የኮላ፣ አንድም የለም። የመብራቱ ክፍያ የአንዲት ጸጉር ቤት ያህል እንኳ አይሞላም። ሁለተኛ ጊዜ ወረደችበት። ፋይሉን ታቅፋ ወደ አለቃዋ ቢሮ ሄደች።

አለቃዋ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴት ናቸው። ሕጉን በቃላቸው ስለሚያውቁት ፎቁ ሁሉ «እትዬ አንቀጽ» ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት «እትዬ» ብቻ።

«እትዬ፣ ይህ ሰው ሶፋ የሚሠራው ከምንድን ነው?»

«ከእንጨት ይመስለኛል» አሉ መነጽራቸውን ሳያነሱ።

«እንጨት ሲገዛ አይታይም።»

መነጽራቸውን አነሱ። የወጪውን ገጽ ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡ። «በእጁ እየከፈለ ይገዛ ይሆናል። ስንቱ ነጋዴ እንደዚያ ያደርጋል። ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም፤ ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። ነገር ግን ሰውየው እንደተጠረጠረ ከአፍሽ እንዳይሰማ። ለቤተሰብሽም ቢሆን ስሙን አታነሺም። ሕጉ በዚህ ላይ…»

«አንቀጹን አውቀዋለሁ፣ እትዬ።»

«ብታውቂውም ልንገርሽ» አሉና ቁጥሩን ከነንዑስ ቁጥሩ ነገሯት።

እሾህ የሶፋ ሠሪ ልጅ ነች። ይህን ፎቁ ላይ የሚያውቅ ማንም አልነበረም፤ የጠየቃትም የለም። አባቷ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሶፋ ሠርተው ነው ያሳደጓት። እናቷ ካረፉ ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚኖሩት። አባቷ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው መዶሻቸውን አስቀመጡ፤ የቤታቸው ወንበር ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል። «የሠሪ ቤት ወንበር የሚጠገነው ሠሪው ሲሞት ነው» ይላሉ ሲወቀሱ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ፣ አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አራት ሰው ያለው የእንጨት ቤት በወር ስንት ሙሉ ሶፋ ያወጣል?»

አባቷ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ስለ ሥራቸው ከተጠየቁ ዓመታት አልፏል። «ሙሉ ስትይ ባለ ሦስት፣ ባለ ሁለትና ባለ አንድ?»

«አዎ።»

«ሠሪዎቹ ሰነፍ ናቸው ብርቱ?»

«ብርቱ ይሁኑ።»

«ሁለት ብርቱ ሰው አንዱን ሙሉ በአምስት ቀን ያወጣል። ኮላው መድረቅ አለበት፤ ኮላ ደግሞ ለማንም ብሎ አይቸኩልም። አራት ሲሆኑ በአምስት ቀን ሁለት። በወር አሥር፤ ቢሞቱ አሥራ ሁለት።»

«ዘጠናስ?»

አባቷ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። «ዘጠና ሶፋ በአራት ሰው? እማዬ፣ ዘጠና ሶፋ ማለት እኮ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ጨርቅ ነው። ሰጋቱራው ብቻ እስከ ጉልበትሽ ያሰጥምሻል። ማነው ይህን ያለሽ?»

«ማንም። እንዲሁ መጣልኝ።»

አባቷ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ብርጭቋቸውን አንስተው ጠጡ፤ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። እሷ ግን በውስጧ የሆነ ነገር ሲዘል ይሰማታል። ዘጠኝ ዓመት መስኮት ላይ ስትቀመጥ እንዲህ ያለ ደስታ አጋጥሟት አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ያለፈበት መንገድ ላይ የወደቀ ቁልፍ ያገኘች ያህል ነው።

ረቡዕ ወደ አዳራሹ ሄደች። ደንቡ የቅርንጫፉ ሰው አብሮ እንዲኖር ስለሚያዝ ሥራ አስኪያጁ ራሱ በመኪናው ወሰዳት። ገና አርባ ያልሞላው፣ ከረባቱን በየሁለት ደቂቃው የሚያቃና ሰው ነው። መንገዱን ሁሉ የደንበኛውን ገድል ሲተርክ ሄደ።

«ቅርንጫፋችን ከአሥራ ሰባተኛ ወደ ሦስተኛ የወጣው በእሳቸው ነው። እባክሽ ቶሎ ጨርሺልኝ፣ እህቴ። ሌላ ባንክ እየለመናቸው ነው።»

«ካየሁ በኋላ እጨርሳለሁ» አለች።

ባለሶፋው በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ሽቶው ከሰላምታው የሚቀድም፣ እንግዳ ሲቀበል ጠብ እርግፍ የሚል ሰው ነው። አዳራሹን እያዞረ አሳያቸው። መሀል ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ግድግዳው ላይ በመጠናቸው የተሰቀሉ መዶሻዎች፣ ጥግ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ዘጠኝ ሶፋዎች፤ አራቱ ሠራተኞች ደግሞ አዲስ ቱታ ለብሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመዋል።

እሾህ መጀመሪያ ያሸተተችው የሽቶውን ሽታ ነው። ከዚያ ሌላ ሽታ ፈለገች፤ አጣች። የአባቷ ቤት በሩ ከመከፈቱ በፊት ኮላና ጣውላ ይሸት ነበር። ሰጋቱራው ከጸጉሯ፣ ከደብተሯ፣ ከካልሲዋ አይጠፋም ነበር። ሰጋቱራ የሌለበት የእንጨት ቤት ዱቄት የሌለበት ወፍጮ ቤት ማለት ነው። እዚህ ወለሉ እንደ ሆስፒታል ወለል ያበራል። ወደ መጋዙ ጠጋ አለች። የጥርሶቹ ጫፍ ላይ ከፋብሪካ የወጣበት ቀይ ቀለም አሁንም አለ። ይህ መጋዝ አንድ ዱላ እንኳ ቆርጦ አያውቅም።

«በጣም ንጹሕ ነው» አለች።

«ንጽሕና የመጀመሪያ ነው፣ እህት። ማታ ማታ ጠርገን ነው የምንወጣው» አለ ባለሶፋው።

ከሠራተኞቹ አንዱን ሰላም ስትለው እጁን ጨበጠች። እጁ ለስላሳ ነው። አሥሩም ጥፍሮቹ ነጭ ናቸው። አባቷ ከሚያውቋቸው ሠሪዎች አንድ ጥፍሩ በመዶሻ ያልጠቆረ አልነበረም።

«ሶፋ መሥራት ከጀመርህ ስንት ዓመትህ ነው?»

ሰውየው ወደ ባለሶፋው አየ። ባለሶፋው ፈጥኖ «ስምንት ዓመት ከእኔ ጋር ነው። ዓይን አፋር ነው» አለ።

ከተጠቀለሉት ሶፋዎች አንዱን ገልብጣ ከሥሩ ለማየት ብትጠይቅ «ለደንበኛ ሊጫን ስለሆነ ይቆሽሽብናል» ተባለች። አልገፋችም። ማስታወሻዋ ላይ ሁለት መስመር ጻፈች፣ አመስግና ወጣች። መኪና ውስጥ ሥራ አስኪያጁ «ታዲያ?» ሲላት «ገና ነኝ» አለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች።

በማግስቱ ደረሰኞቹ ላይ ከተጻፉት ገዢዎች የሦስቱን አድራሻ ይዛ እየዞረች ፈለገች። የመጀመሪያው አርባ ሙሉ ሶፋ ገዛ የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ስትደርስ ያገኘችው ስድስት ክፍል ያለው ቤት ነው። ባለቤትዋ «አርባ ሶፋ ብገዛ እንግዶቼ ጣራ ላይ ይደሩ?» አለቻት። ሁለተኛው አድራሻ ላይ ጎማ ጠጋኝ ተቀምጧል። ሦስተኛው የቤት ቁጥር ጭራሹኑ የለም፤ መንገዱ ከቁጥሩ በፊት ያልቃል። እሾህ መንገዱ ያለቀበት ቦታ፣ ሜዳው ዳር ላይ ቆማ ብቻዋን ሳቀች። አንድ መንገደኛ ዞር ብሎ አያት።

አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ቤቷ ስትደርስ በሩ አልዘጋ ብሎ ተከፍቶ አገኘችው። የማይዘጋበት ምክንያት ግቢው ድረስ የተረፈ ትልቅ፣ ቡናማ፣ ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ነው። ሶፋው ተገልብጦ እግሮቹን ወደ ሰማይ አንስቷል። አባቷ አጠገቡ ተንበርክከው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በቢላ የሥሩን ጥቁር ጨርቅ እየፈቱ ነው።

«አባባ፣ ወገብዎ!»

«ወገቤ ደህና ነው። ሁለት ሰዎች አምጥተው ከሥራ ቦታዋ የተላከላት ስጦታ ነው ብለው ጥለውት ሄዱ። ባንክ ቤቱ ሸለመሽ እንዴ?»

አድራሻዋን ማን እንደነገረ ለመገመት ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ከረባቱን የሚያቃናው ሰው በየዋህነት ነግሯል። ሰጪው ደግሞ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። «ለምን ፈቱት?» ልትል ብላ አባቷ ጣታቸውን የቀሰሩበትን ቦታ አየችና ጠጋ አለች።

«ነይ እዪ» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ወጣትነት ተመልሶበታል። «ሳየው መልኩ አማረኝ፤ ማን ሠራው ብዬ ልይ አልሁ። እዪው፣ ስቴፕሉ፣ ጨርቁን የያዘው ሽቦ፣ በመስመር፣ በእኩል ርቀት ነው የተመታው። የሰው እጅ እንዲህ አይመታም፤ የሰው እጅ አንዳንዴ ይስታል። አጥንቱ ደግሞ ጣውላ አይደለም፤ የተጨመቀ የእንጨት ቁርጥራጭ ነው። ይህን ቁጥርስ አየሽው?» እንጨቱ ላይ የታተመ ረጅም ቁጥርና ጥቋቁር መስመሮች ነበሩ። «የፋብሪካ ማኅተም ነው። ይህ ከውጭ በመርከብ ተጭኖ የመጣ ነው። አከፋፋዮቹ ጋ ስንትና ስንት አለ። የሰው እጅ የነካው ሲጫንና ሲራገፍ ብቻ ነው።»

እሾህ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሰውየው አፏን ሊዘጋ የላከው ነገር አፍ አውጥቶ እየመሰከረበት ነው። ልትጮህ ፈለገች፤ ልትስቅም ፈለገች። ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን፣ ስቴፕሉን፣ የተፈታውን ጨርቅ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች። እንዳይደበዝዝባት ሦስቱንም ደግማ አነሳቻቸው።

«ምን ሆነሽ ነው ዓይንሽ እንዲህ የሚያበራው?»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አይጠይቁኝ።»

«አልጠየቅሁም» አሉና ቢላቸውን አጠፉ። ትንሽ ቆይተው «ግን አንቀመጥበትም ማለት ነው?» አሉ።

«አንቀመጥበትም።»

«ደህና። እኔም አልወደድሁትም» አሉ፤ በሶፋው ላይ ግን እጃቸውን አንድ ጊዜ ሳያሳልፉ አልቀሩም።

እትዬ አንቀጽ በስልክ ሲሰሙ ነጥብ በነጥብ መዘገቡ። ከዚያ «ሶፋው ዛሬውኑ ባንኩ ንብረት ክፍል ይግባ። ሠራተኛ ስጦታ አይቀበልም የሚለውን የተለመደ ደብዳቤ እኔ እጽፍለታለሁ፤ ለሁሉም የምንጽፈው ስለሆነ አይጠረጥርም» አሉ። ጭነት መኪና ተጠርቶ፣ ሁለት ጥበቃዎች ተሸክመውት፣ ሶፋው ጀንበር ሳትገባ ባንክ ቤት ገባ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ሁለቱ ሴቶች ተቀምጠው ሪፖርቱን ጻፉ። እሾህ «ይህ ሰው ሌባ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ብታስገባ እትዬ አንቀጽ ሰረዙት። «እኛ ያየነውን እንጽፋለን። ስሙን የሚያወጣለት ፍርድ ቤት ነው።» አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ሰኞ ጠዋት በታሸገ ፖስታ ተላከ።

ሰኞ አለፈ። ማክሰኞ አለፈ። እሾህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ትዘል ነበር።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ የደወለው ሥራ አስኪያጁ ነው። ድምፁ ደስ ብሎታል። «ደንበኛችን እዚህ ናቸው። ሂሳባቸው ላይ ያለውን ሠላሳ አንድ ሚሊዮን ለማሽን ግዢ ወደ ውጭ ሊያስተላልፉ ነው። የቀረው ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው።»

እሾህ የስልኩን አፍ በእጇ ይዛ ለእትዬ አንቀጽ ነገረቻቸው። አለቃዋ ሌላውን ስልክ አንስተው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቱ ደወሉ፤ ሁለት ቃል ተናገሩ፤ አዳመጡ፤ ዘጉ። «የእግድ ትእዛዙ ፊርማ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ይፈልጋሉ።»

«በአንድ ሰዓት ብሩ ውቅያኖስ ይሻገራል።»

«ስለዚህ ሂጂ። መዋሸት አትችይም፤ ማስጠንቀቅም አትችይም። ነገር ግን የገንዘብ ምንጭ ቅጽ አለሽ። ቅጹ አርባ ሁለት ጥያቄ አለው። አንዱንም አትዝለይ።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረደች። ታክሲ ውስጥ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አነበበችው፤ ይህን ያህል የሚወደድ ወረቀት መኖሩን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

ባለሶፋው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ሲያያት ፈገግ አለ። «ሶፋዬን እምቢ አላችሁት፣ እህት።»

«ደንብ ሆኖብን ነው። እናመሰግናለን» አለችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ማስተላለፊያው ከመሄዱ በፊት ይህን ቅጽ አብረን እንሞላለን።»

ከስሙ ጀመረች። አድራሻ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሥራ የጀመረበት ዓመት። ቀስ ብላ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። የግድግዳው ሰዓት አራት ከሠላሳ አምስት ይላል። አሥራ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ደረሰች፤ «የምርቱን አሠራርና ጥሬ ዕቃ ይግለጹ» ይላል።

«ምርቱን ራስዎ ያውቁታል?»

ባለሶፋው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሁለት እጆቹን አሳያት። «በእነዚህ ነው ያደግሁት።»

«ባለ ሦስቱ ሶፋ ስንት ሜትር ጨርቅ ይፈጃል?»

ሳያመነታ «ሦስት ሜትር» አለ። «ለአንድ ሰው አንድ ሜትር።»

ሦስት ሜትር ጨርቅ ጀርባውን እንኳ አይሸፍንም፤ ባለ ሦስቱ ስምንትና ዘጠኝ ይበላል። እሾህ ፊቷን ሳትቀይር «ሦስት ሜትር» ብላ ጻፈች።

«እንጨቱን ሲገዙ ደረቅ ነው እርጥብ?»

«እርጥብ ነዋ። ትኩሱ ነው ጥሩው» አለ፣ እንጨት የሚገዛው ከአትክልት ተራ ይመስል። እርጥብ እንጨት በወሩ ተጣሞ ባለቤቱን መሬት ላይ ይጥላል። ይህንንም ጻፈች።

«ስፖንጁን ከማን ይገዛሉ?»

እዚህ ላይ ያነባበረውን እግር አወረደ። «ከብዙ ሰው።»

«የአንዱ ስም ይበቃል።»

«እኔ እዚህ ፈተና ልቀመጥ ነው የመጣሁት?» አለ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ። «እንዲህ ከሆነ ብሬን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ባንክ እወስዳለሁ።»

የሥራ አስኪያጁ ከረባት ሳይነካ ተጣመመ። ላብ አውጥቶ «እህቴ፣ ቀሪውን ነገ ብንሞላውስ?» አላት። ዓይኖቹ ሲለምኗት አየች። አሳዘናት፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እሷ ግን እንዲህ ያለ እርጋታ ከየት እንደመጣላት እስከ ዛሬ አታውቀውም።

«ሃያ ሦስት ጥያቄ ነው የቀረን» አለች። «ሌላ ባንክም ይህንኑ ቅጽ ያስሞላዎታል፤ ሕጉ የሁላችንም ነው። እዚህ ቢጨርሱት ይቀልዎታል።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። ማስተላለፉ እንደሚበልጥበት ገብቷት ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ። ሃያኛውን፣ ሃያ አንደኛውን መለሰ። እያንዳንዱ መልስ ከፊተኛው ጋር ይጋጫል፤ መጀመሪያ አራት የነበሩት ሠራተኞች ሠላሳኛው ላይ ሠላሳ ሆኑ። እሾህ ትጽፋለች። ጆሮዋ ግን ከበሩ ውጭ ነው። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ከሩብ። አርባ ሁለተኛው ጥያቄ «ከላይ የተናገርሁት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ነው። ባለሶፋው ብዕሩን ነጥቆ ፈረመ።

«አለቀ?»

«የእርስዎ አልቋል» አለች። የእሷ ፊርማ ቦታ ባዶውን ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ የምትጠይቀው አልነበራትም። ቅጹን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ማንበብ ያዘች፤ ማንበቧም ውሸት አልነበረም፤ አንድም ቃል ሳትዘል ነው ያነበበችው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ በሩ ተንኳኳ።

የሞተር ብስክሌት ቆብ በብብቱ የያዘ መልእክተኛ ነው። ፖስታውን ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቶ አስፈረመው። ሥራ አስኪያጁ ቀደደው፣ አነበበው፣ እንደገና አነበበው። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ቀን ግን፣ ለእሱም ሊባል የሚገባው ይባልለት፣ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«ጌታዬ፣ ሂሳቡ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ታግዷል። ይህ የመንግሥት ትእዛዝ ነው።»

ባለሶፋው ተነሳ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ተረስቶ ቀርቷል። «ስልክ ደውዬ ልምጣ» አለና ወጣ። የቅርንጫፉ በር ላይ ተራ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ሰላም አሉት፤ አንደኛው ክንዱን በትሕትና ያዘው። ወረፋ ላይ ከቆሙት ደንበኞች የታሰረ ሰው ማየታቸውን ያወቁት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

እሾህ የተሞላውን ቅጽ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሥራ አስኪያጁ በገዛ እጁ ውሃ ቀድቶ ሰጣት። «እኔ እኮ አድራሻሽን ሊያመሰግንሽ ነው ብሎኝ…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተቀመጠ።

የገንዘቡ ምንጭ በምርመራ ወጣ። ሰውየው በሌላ ስም፣ በሌላ ሰፈር፣ የሥራ አስቀጣሪ ቢሮ ነበረው። ውጭ አገር መርከብ ላይ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አለ እያለ ከአራት መቶ ሰው በላይ አስከፍሏል። ሥራውም መርከቡም አልነበሩም። ሰዉ ቤቱን፣ መኪናውን፣ የስፌት መኪናውን ሸጦ የከፈለው ብር ነው ሶፋ ተብሎ ባንክ የገባው። አሥራ ሰባቱ ሚሊዮን ቀደም ብሎ በልቶታል ወይም አሽሽቶታል። ሠላሳ አንዱ ግን እንዳለ ተገኘ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ አባቷ ጮክ ብለው አነበቡላት፤ አንብበው ሲጨርሱ ጋዜጣውን አጠፉት። «ዘጠና ሶፋ ብለሽ የጠየቅሽኝ ቀን ነው የገባኝ» አሉ። «ብጠይቅሽ ወይ ትዋሺኛለሽ ወይ ትቸገሪያለሽ። ሁለቱንም አልፈለግሁም።» እሾህ እጃቸውን ይዛ ቆየች።

ከስምንት ወር በኋላ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡ ለተበዳዮቹ በየድርሻቸው እንዲመለስ ወሰነ። ክፍያው በዚያው ቅርንጫፍ ተጀመረ። እሾህ የመጀመሪያው ቀን እረፍት ጠይቃ ሄደች። ሪፖርት ያደረገ ሰው ማንነቱ ስለማይገለጽ እንደ ደንበኛ ወረፋ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ በስተኋላ አይቷት አንገቱን ሰበር አደረገላት፤ ከዚያ ዞሮ ለአንድ አዲስ ነጋዴ «ይህ ብር ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቁን ቀጠለ።

አጠገቧ የተቀመጠችው መሀል ዕድሜ ላይ ያለች ልብስ ሰፊ ናት። ወረቀቷን ይዛ ወዲያ ወዲህ ታገላብጣለች። «እህቴ፣ መፈረሚያው የቱ ጋ ነው? እጄ አልታዘዝ አለኝ» አለቻት። እሾህ ቦታውን በጣቷ አሳየቻት። ሴትየዋ ፈረመች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ተቀበለች፤ ተመልሳ ቦርሳዋን ዘጋች፣ ከፈተች፣ እንደገና ዘጋች።

«ሙሉውን አይደለም የመለሱልኝ» አለች። «ግን ለስፌት መኪናዬ ይበቃል። ነገ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነኝ። የጎረቤቴ ልጅ የሠርግ ልብስ አለብኝ፤ በእጄ እየሰፋሁት ሁለት ወር ሆነኝ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለች እሾህ።

ሴትየዋ ተሰናብታት ወጣች። እሾህም ትንሽ ቆይታ ወጣች። ስድስት ሰዓት ነበር፤ መንገዱ በምሳ ሰዓት ሰው ተጨናንቋል። አንድ አውቶቡስ መጣ፤ አለፈችው። ሁለተኛውም መጣ፤ እሱንም አለፈችው። ለማንም የማይነገር ደስታ እንደያዛት በእግሯ፣ እየፈጠነች፣ ቤቷ ድረስ ሄደች።